ልጅን ሳያስርቡ ከልክ ያለፈ ውፍረትን መከላከል፦ ለከተማ ወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

በአገራችን ልጅ ሲወፍር መጀመሪያ የሚሰማው ምስጋና ነው። ጎረቤት ጉንጩን ቆንጠጥ አድርጋ «እንዴት ደልደል ብሏል!» ትላለች፤ አያትም የልፋቷን ፍሬ እንዳየች ቆጥራ ትደሰታለች። ይህ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ረሃብን በዓይኑ ያየ ትውልድ የልጅን ውፍረት የጤና ምልክት አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። ዛሬም ቢሆን ትልቁ የምግብ ችግራችን እጥረት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ደግሞ 2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል።

ታዲያ በእንዲህ ያለ አገር ስለ ልጆች ውፍረት መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? አንደኛው ምክንያት የአገር አማካይ ቁጥር የከተማውን ልጅ የማያሳይ መሆኑ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ቁጥር የሚመለከተው ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ብቻ ሲሆን፣ ብዙ ልጆች ክብደት የሚጨምሩት ግን ትምህርት ቤት ከገቡና ኪሳቸው ሳንቲም መያዝ ከጀመረ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ5 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የዓለም ልጆች መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት 9.4 በመቶ፣ ክብደታቸው ከሚገባው በታች የሆነው ደግሞ 9.2 በመቶ መድረሳቸውን፣ የወፈሩት ሲበልጡም ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ገልጿል። ከሰሃራ በታች ያለው የአፍሪካ ክፍልና ደቡብ እስያ እስካሁን ከዚህ ለውጥ ውጭ ናቸው። ለእኛ ገና አልረፈደም ማለት ነው፤ ይህን መመሪያ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መቀንጨርና ውፍረት ተቃራኒ ቢመስሉም በአንድ ቤት፣ አንዳንዴም በአንድ ልጅ ላይ አብረው የሚገኙ መሆናቸው ነው። በማኅፀን ሳለና ከተወለደ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰውነት ያገኘውን ሁሉ ማጠራቀም ይቀናዋል፤ ኋላ ላይ ዘይትና ስኳር ሲበዛበት ቁመቱ ባለበት ቆሞ ወገቡ ይሰፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባሉት የብርድ ወራት፣ በኔዘርላንድ ጽኑ ረሃብ ደርሶ ነበር። እናቶቻቸው በእርግዝናቸው የመጀመሪያ አጋማሽ በዚያ ረሃብ የተጎዱባቸው ወንዶች ልጆች አድገው ለወታደርነት ሲመረመሩ፣ ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ለውፍረት የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ምክሮች አንዱም «ልጅዎን ያስርቡ» አይልም። ልጅን ከመቀንጨር የሚጠብቀው ምግብ ከልክ ካለፈ ውፍረትም ይጠብቀዋል፤ ያም ምግብ አብዛኛው በጓዳችን ያለ ነው።

ከግምት ይልቅ በልክ ይወቁ

የወላጅ ዓይን በልጁ ላይ ይሳሳታል። በዙሪያው ያሉት ልጆች ሁሉ ቀጫጮች ከሆኑ ጤነኛው ልጅ ወፍራም ይመስላል፤ ወፈር ያሉት ከበዙ ደግሞ የወፈረው ልጅ ደኅና ይመስላል። ሚዛን በሌለበት ቤትም ቢሆን አምስት ዓመት ለሞላው ልጅ የሚበቃ መለኪያ በአንድ ሲባጎ ማዘጋጀት ይቻላል። ልጅዎን ያለ ጫማ ከግድግዳ አስጠግተው ያቁሙና ከተረከዙ እስከ አናቱ በሲባጎው ይለኩ። ሲባጎውን በቁመቱ ልክ ከቆረጡ በኋላ እኩል ለሁለት አጥፈው እጥፉ ላይ ይቁረጡት። አሁን በእጅዎ ያለው የቁመቱ ግማሽ ነው። ልጁ ሆዱን ሳይስብ በዝግታ ካስተነፈሰ በኋላ፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌው አጥንት መካከል ባለው ቦታ ሲባጎውን በወገቡ ዙሪያ ያዙሩት። ሁለቱ ጫፎች ከተገናኙና ከተረፉ መልካም ነው። ክፍተት ትተው ከቀሩ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ በልጧል ማለት ነው፤ ይህም በሆዱ አካባቢ የተጠራቀመው ስብ ለጤናው ሊያሳስብ እንደሚችል ይጠቁማል።

ሚዛን ካገኙ የበለጠ ማረጋገጥ ይችላሉ። ክብደቱን በኪሎ ግራም ይውሰዱና ቁመቱን በሜትር በራሱ አባዝተው በተገኘው ውጤት ያካፍሉት፤ ሐኪሞች ቢኤምአይ የሚሉት ይህን ነው። ለምሳሌ 1.38 ሜትር ቁመትና 38 ኪሎ ክብደት ያለው የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ 20 ገደማ ያገኛል። ለአዋቂ ይህ ቁጥር ደኅና ስለሆነ ብዙ ወላጅ በዚህ ይሳሳታል፤ የልጅ ልክ ግን በዕድሜና በፆታ ይለያያል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት የአሥር ዓመት ወንድ ልጅ ከ18.5 በላይ ከሆነ ክብደቱ ከመጠን አልፏል፣ ከ21.4 በላይ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ወፍሯል ይባላል። ለአሥር ዓመት ሴት ልጅ ቁጥሮቹ 19.0 እና 22.6 ናቸው። በምሳሌው ያለው ልጅ እንግዲህ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሚገኝ ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ እያለ ከተደረሰበት በቤት ውስጥ ለውጥ ብቻ ሊስተካከል ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን እቤት ከመገመት ጤና ጣቢያ ወስዶ ክብደቱን ከቁመቱ ጋር በእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ ማስመዝገብ ይሻላል።

ከሚጠጣው ይጀምሩ

አንድ ነገር ብቻ ለመለወጥ አቅም ያለው ቤተሰብ መጠጡን ይለውጥ። ምግብ ያጠግባል፤ ጣፋጭ መጠጥ ግን ጉልበቱን አራግፎ ሆድን ሳይሞላ ያልፋል፤ ልጁም ለስላሳ ስለ ጠጣ ከእንጀራው አይቀንስም። በተለመደው 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል፤ ይህም ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ ከሚጨመር ስኳር የሚገኘው ጉልበት ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶም በታች እንዲወርድ ይመክራል። በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ ይህ 40 ግራም፣ ቢቻል ደግሞ 20 ግራም ማለት ነው። አንድ ጠርሙስ የተሻለውን ልክ ከነጭራሹ ጥሶት ያልፋል።

ይህን በቃል ከመናገር ልጆቹን ሰብስቦ ማሳየት ይበልጣል። አንድ ባዶ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ስኳሩን በሻይ ማንኪያ አንድ፣ ሁለት እያሉ ልጆቹ ራሳቸው እየቆጠሩ ይጨምሩት። አራተኛው ማንኪያ ላይ ሲደርሱ መሳቃቸውን ያቆማሉ። ስምንተኛው ላይ የብርጭቆው ታች በነጭ ክምር ይሸፈናል፤ «ይህን ደረቁን ብላ ብልህ ትበላዋለህ?» ብለው ሲጠይቋቸው መልሱ ከራሳቸው ይመጣል። ካየሁት ሁሉ ይህን ያህል በልጅ ልብ ውስጥ የሚቀር ትምህርት የለም።

ለስላሳ የማይገዛ ቤት ደግሞ ሻዩን ይመልከት። በእያንዳንዱ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር እየጨመረ ጧትና ማታ ሻይ በዳቦ የሚበላ ልጅ በቀን 24 ግራም ስኳር ከሻይ ብቻ ያገኛል። በአንድ ጊዜ መከልከል ጠብ ያመጣል፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ ቢሄዱ ምላስ ሳያውቀው ይለምዳል። ቀረፋና ቅርንፉድ ጠንከር አድርጎ ማፍላት የጣፋጭነቱን ጉድለት ይሸፍናል። ከጁስ ቤት የሚገዛው አቮካዶም ሆነ ማንጎ በስኳርና በሽሮፕ የሚዘጋጅ ከሆነ ከለስላሳ አይሻልም፤ ፍሬውን እንዳለ መብላት ይመረጣል።

በብዙ ሰፈር ልጆች ወደ ለስላሳ የሚሄዱበት ሌላው ምክንያት የሚታመን ውሃ አለማግኘታቸው ነው። ስለዚህ ውሃ አፍልቶ ወይም አክሞ፣ አቀዝቅዞና በንጹሕ ዕቃ አድርጎ ከልጅ እጅ በማይርቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ ወደ ትምህርት ቤትም ኮዳ ማስያዝ ትልቅ ሥራ ነው። ድግስ ሲኖር አምቦ ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቆ ማቅረብ ልጁ ከሌላው ያነሰ ሳይመስለው ያለ ስኳር እንዲጠጣ ያደርጋል። ለበዓል የገባው ሳጥን ለስላሳ ደግሞ በበዓሉ ቀን ይለቅ፤ አልጋ ሥር የተረፈው ጠርሙስ ሳምንቱን ሙሉ ልጁን ይጣራል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ እንደሚባለው ነው።

ዋጋም ልማድን እንደሚለውጥ የሜክሲኮ ተሞክሮ ያሳያል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ጀምሮ በስኳር በጣፈጡ መጠጦች ላይ በሊትር አንድ ፔሶ ታክስ ስትጥል፣ በዚያው ዓመት የመጠጦቹ ግዢ በአማካይ 6 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ይበልጥ የቀነሰውም በድሃ ቤተሰቦች ዘንድ ነበር። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ለስላሳ መጠጦችን በታክሱ ውስጥ አካቷል። ሆኖም የልጁን ብርጭቆ የሚሞላው እጅ የወላጅ ነውና አዋጅ ብቻውን አይበቃም።

ምሳ ዕቃውና የቤቱ ማዕድ

ለአንድ ሳምንት ልጅዎ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚገዛውን ይመዝግቡ፤ ብስኩት፣ በፌስታል የታሸገ የድንች ጥብስ፣ ቦንቦሊኖ፣ ከረሜላ እያሉ ከነዋጋው ይጻፉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ድምሩን ያስሉና ያ ገንዘብ በስንት እንቁላልና በስንት ሙዝ ይመነዘር እንደነበር ከልጁ ጋር ሆነው ይቁጠሩ። ጥሩ ምግብ ውድ ነው የሚለው አባባል እውነትነት ቢኖረውም፣ በሳንቲም የሚወጣው ወጪ ስለማይታይ ብቻ ርካሽ የመሰለን ነገር ብዙ ነው።

ለመክሰስ የሚሆን ነገር ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ በቤታችን አለ። የሽምብራ ወይም የስንዴ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች ወይም ስኳር ድንች፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝና ብርቱካን ከየትኛውም የታሸገ ብስኩት ይሻላሉ። ጥራጥሬው ፕሮቲንና አሰር ስላለው ልጁን እስከ ቀጣዩ ምግብ ያቆየዋል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ግን ቆሎና ለውዝ ሊያንቃቸው ስለሚችል አይስጡ፤ ለእነርሱ ልል ያለ በሶ ወይም የላመ ንፍሮ ይስማማል። የምስርና የሽሮ ወጥ፣ ጎመንና ቀይ ሥር በጤፍ እንጀራ የቀረበበት ማዕድ ልጅን አያወፍርም። የሚያወፍረው በወጡ ላይ የሚደፋው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው፤ ከጀሪካኑ በቀጥታ የሚያፈስ እጅ ደግሞ አራትና አምስት ማንኪያ መጨመሩን አያስተውልም። ከዛሬ ጀምሮ ዘይቱን በማንኪያ እየሰፈሩ ይጨምሩ፤ ይህች ትንሽ ልማድ የቤቱን አዋቂ ሁሉ ትጠቅማለች። ለምሳ ዕቃ የሚዘጋጀው ፍርፍርም እንዲሁ ነው፦ ሽንኩርትና ቲማቲሙ ከበዛ ትንሽ ዘይት ይበቃዋል።

አብሮ መብላት ከመልካም ባህሎቻችን አንዱ ስለሆነ እንዲቀር አልመክርም። ይሁን እንጂ በትሪ ዙሪያ የሚበላ ልጅ ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም፤ ከዚያ ላይ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እየተባለ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላል። አያትም፣ አክስትም፣ ታላቅ እኅትም አንዳንድ ሲያጎርሱት ልጁ ከጠገበ በኋላ ሌላ ግማሽ ምግብ ይበላል። በዚህ ረገድ የሚሠራው ዘዴ የልጁን ድርሻ በራሱ ሳህን አቅርቦ በማዕዱ ዙሪያ ማስቀመጥ፣ ጉርሻውን ለበዓልና ለእንግዳ ቀን መተው ነው። ልጁ «ጠገብኩ» ሲል ይመኑት። ሳህኑን ካልጨረሰ አይነሣም የሚለው ሕግ ልጁ የገዛ ሆዱን ማዳመጥ እንዲረሳ ያደርገዋል። ለሴት አያቶች ይህን ማስረዳት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ «እማማ፣ ፍቅርዎን በተረት ያጉርሱት» ብሎ በአክብሮት የሚለምን ልጅ ወይም ምራት ግን ብዙ ጊዜ ይሰማል።

ጡጦና የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

ለሕፃናት ያለው ምክር አጭር ነው። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠ ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል፤ ጡት መጥባት ከመቀንጨርም ከውፍረትም ይጠብቃል። ጡጦ ውስጥ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት ይቅር። በአጥሚትና በገንፎ ላይም ስኳር አይጨመር፤ ገንፎውን በእንቁላል፣ በወተት ወይም በላመ ጎመን ማበልጸግ ይሻላል። ሕፃኑ ፊቱን ሲያዞር አፍንጫውን ይዞ መጋት ይቁም።

ጨዋታ፣ እንቅልፍና ስልክ

ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ ምታቸውን የሚጨምር እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። ሱዚ፣ አባሮሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይና የጨርቅ ኳስ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ቦታና ጊዜ ነው። እውነተኛው ችግርም ይኸው ነው። ልጁ በሰርቪስ ሄዶ፣ በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ በተከፈተ ሜዳ አልባ ትምህርት ቤት ውሎ፣ በሰርቪስ ወደ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ይመለሳል፤ እናት መንገዱን ስለምትፈራ በሩን ትዘጋለች። ፍርሃቷ ተገቢ ስለሆነ ምክሩ «ልጁን ልቀቂው» ሊሆን አይችልም። በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ አራት ወይም አምስት ቤተሰቦች ተነጋግረው፣ በየተራ አንድ አዋቂ ግቢው ውስጥ እየተቀመጠ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ልጆቹን ቢያጫውት ግን ጉዳዩ ይፈታል። መኪናዎች በግቢው ላይ በሚያድሩበት ሁኔታ ለአንድ ሰዓት ያህል ጥግ እንዲይዙ ጥበቃውን መለመን ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳናዎች ለመኪና ዝግ የሚሆኑባቸው እሑዶች አሉ፤ ልጆችን ይዞ መውጣት ነው።

ስልክን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ ስልክ እያሳዩ አያብሉ። ዓይኑ ዩቲዩብ ላይ ያለ ሕፃን አፉን ይከፍታል እንጂ ምን እንደበላ፣ መቼ እንደጠገበ አያውቅም። ከሁለት ዓመት በታች ስክሪን ባይኖር፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ የሚል የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አለ። እንቅልፍም ችላ የሚባል መድኃኒት ነው፦ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ በማግሥቱ ይርበዋል፣ የሚያምረውም ጣፋጩ ነው።

ልጁ ቀድሞ ወፍሮ ከሆነ

ልጅ ቁመት እየጨመረ ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ ክብደት መቀነስ ሳያስፈልገው፣ ያለውን ክብደት ይዞ መቆየቱ ብቻ ያስተካክለዋል። ከላይ የተጠቀሱትን ለውጦች ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ያድርጋቸው። ለወንድሙ ለስላሳ ቀርቦለት እሱ ውሃ የሚሰጠው ልጅ ቅጣት መሆኑን ይረዳል፤ ተደብቆ መብላትንም ይማራል። በቤት ውስጥ «ወፍራሙ»፣ «ዱባ» እያሉ መጥራት፣ በእንግዳ ፊት ሆዱን መነካካትና ከቀጭን እኅቱ ጋር ማወዳደር ፈጽሞ ይቁም። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባል የለ፤ ከነክብደቱም መወደዱን ሲያውቅ ነው ለመለወጥ ጉልበት የሚያገኘው። በቴሌግራም የሚሸጥ ማቅጠኛ ሻይ፣ ክኒንና ቅባት ለልጅ አይሰጥም።

አንገቱና ብብቱ አካባቢ ቆዳው እየጠቆረና እየወፈረ ከሄደ፣ ሌሊት ካንኮራፋና ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ ጉልበቱን ወይም ዳሌውን አሞት ማነከስ ከጀመረ፣ ውሃ አብዝቶ ከጠጣና ሽንቱ ከበዛ ሳይዘገዩ ሐኪም ያሳዩት። ክብደቱ እየጨመረ ቁመቱ የቆመ ልጅ ደግሞ የሆርሞን ችግር ሊኖርበት ስለሚችል ከምግብ ለውጥ በፊት መመርመር አለበት። ያለዚያ እናት ያለ ጥፋቷ ስትወቀስ፣ ልጁም ያለ ሕክምና ጊዜው ሲያልፍ ማየት ይመጣል።

በትምህርት ቤቱ በኩል

ቤት የተሠራው ሥራ በዕረፍት ሰዓት በአሥር ደቂቃ ሊፈርስ ይችላል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2025 ወዲህ ስኳር፣ ጨውና ስብ የበዛባቸውን የታሸጉ ምግቦች በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዳይሸጡ ከልክላለች። እኛ ያን ያህል ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ስለሚመገቡ በሩ ላይ የሚገዛው ነገር አስፈላጊነት ቀንሷል፤ በግል ትምህርት ቤቶች ግን የግቢው ሱቅ ኪራይ ገቢ ስለሆነ ነገሩ ይከብዳል። ባለሱቁን ማባረር እንጀራውን መዝጋት ነው፤ እሱም የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት። ስለዚህ በሚቀጥለው የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ሦስት ነገሮችን ብቻ ይጠይቁ፦ ሱቁ ከለስላሳ ይልቅ ውሃ እንዲሸጥ፣ ከድንች ጥብሱ ጎን ንፍሮ፣ እንቁላልና ሙዝ እንዲያቀርብ፣ በግቢው ውስጥም የሚሠራ የውሃ ቧንቧ እንዲኖር። ብቻዎን ሄደው ከመጠየቅ አስቀድመው ሁለት ወይም ሦስት ወላጆችን ያስተባብሩ። በሦስት ወሩ ሲባጎውን አውጥተው ልጅዎን እንደገና ይለኩት፤ ቁመቱ ስለሚጨምር አዲስ ሲባጎ መቁረጥ ይኖርብዎታል።